ርዳታ የሚለምን ሰው ስላለበት ዕዳ

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህራችን አንድ የማይለወጥ ልማድ ነበራቸው። ከመካከላችን አንዱ እጁን አውጥቶ «ይህ ሒሳብ አልገባኝም» ያለ እንደ ሆነ፥ መምህሩ ወደ ጥቁሩ ሰሌዳ ከመሄዳቸው በፊት «አስቀድመህ የደከምህበትን አሳየኝ» ይሉት ነበር። ልጁ የሠራውን አጥፍቶ ባዶ ገጽ ያሳያቸው እንደ ሆነ ወደ ቦታው ይመልሱታል። የተሳሳተውን ሥራ ሳያጠፋ ያሳያቸው እንደ ሆነ ግን፥ ስሕተቱ ምንም ያህል የሚያሳፍር ቢሆን፥ ከጎኑ ተቀምጠው እስኪገባው ድረስ ያስረዱታል። እኛም ልጆች ነበርንና ይህን እንደ ጭካኔ ቈጠርነው፤ «እንግዲያስ ላጲስ የተሠራው ለምንድን ነው?» እያልን እናጕረመርም ነበር።

በኋላም እኔ በተራዬ መምህር ሆኜ 36 ዓመት ሳስተምር ይህንኑ ሕግ በሌሎች ልጆች ላይ አጸናሁት። «የደከምህበትን አሳየኝ» ማለትን ከማብዛቴ የተነሣ ተማሪዎቼ ይህንኑ ቅጽል ስም አድርገው ያወጡልኝ ነበር። ነገር ግን ጡረታ ከወጣሁና ሽበት ራሴን ካለበሰው በኋላ ሕጉን ያፈረስሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ ያፈረስሁትም በኮምፒዩተር ምክንያት ነው። ወጣቶች ሆይ፥ ስለ ኮምፒዩተር እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ልነግራችሁ የተነሣሁት ስለ መሣሪያው ሳይሆን፥ ከማያውቀው ሰው ርዳታ የሚለምን ሰው ለዚያ ሰው ምን ዕዳ አለበት ስለሚለው ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ በሚገባ እንዲታይ መሣሪያውንም ጥቂት መግለጽ ግድ ይሆናል።

ሊኑክስ የኮምፒዩተርን ክፍሎች ሁሉ የሚያስተዳድር መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ጀመረው፤ ከዚያም ወዲህ እጅግ ብዙ ሰዎች እየጨመሩበት አደገ። የፈቃዱ ጽሑፍ ማንም ሰው እንዲጠቀምበት፥ እንዲመረምረው፥ እንዲለውጠውና ለሌላ እንዲያድለው ይፈቅዳል። በዚያው ጽሑፍ ደግሞ ምንም ዋስትና እንደማይሰጥ በግልጥ ተነግሯል። የሸጠልህ ሰው ከሌለ የምትከሰውም ሰው የለም። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ባቆመ ጊዜ፥ ተከታዩ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ያላቸው አሮጌ ኮምፒዩተሮች ያሏቸው ብዙ ሰዎች ወደ ሊኑክስ መጡ። እኔ ግን ከእነርሱ ቀደም ብዬ፥ የእህቴ ልጅ አሮጌውን ኮምፒዩተሬን አይቶ «አጎቴ፥ ይህ እንኳ ገና ይሠራል» ብሎ በጫነልኝ ጊዜ የገባሁ ነኝ።

እንግዲህ ሊኑክስ የጫነ ሰው ነገሩ የተበላሸበት እንደ ሆነ ወደ ማን ይሄዳል? ትናንት እርሱን በመሰለ ችግር ተይዞ ወደ ነበረ ሰው ይሄዳል። ይህ የመረዳዳት ልማድ ከሥሩ የተተከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ በሚሠራበት በኤም.አይ.ቲ. አዲስ የሌዘር ማተሚያ ገብቶ ወረቀት እየነከሰ ያስቸግር ነበር። ስቶልማን የቀድሞውን ማተሚያ ፕሮግራም አሻሽሎ፥ ወረቀት በተያዘ ጊዜ ለሰዎቹ እንዲያስታውቅ አድርጎት ነበርና፥ ለአዲሱም እንዲሁ ሊያደርግለት ፈለገ። የፕሮግራሙ ጽሑፍ አለው ወደ ተባለው የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሄዶ ቢጠይቀው ግን፥ ሰውየው ለማንም ላለመስጠት ቃል ገብቻለሁ ብሎ ከለከለው። ያ እምቢታ በልቡ ቀርቶ፥ በ1983 ነጻ ፕሮግራሞችን የመሥራትን ዓላማ ካስነሡት ነገሮች አንዱ ሆነ። ሊኑክስም በኋላ ከዚያ ሥራ ጋር ተጣምሮ ነው ዛሬ የምናውቀውን የሆነው።

ማተሚያውን፥ ድምፁን፥ ገመድ አልባውን ኢንተርኔት ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያነጋግረው አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል። አንዳንድ ፋብሪካዎች የዕቃቸውን ጠባይ ስለማይገልጡ፥ በሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ይኸው ድራይቨር ነው። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ገመድ አልባው ኢንተርኔት አልሠራ ብሎኝ ነበር። እንዲሠራ ድራይቨሩን ከኢንተርኔት ማውረድ ያስፈልጋል፤ ድራይቨሩ ከሌለ ደግሞ ኢንተርኔት የለም። ይህ ነገር ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ ዘጋ ሰው ያለ ነው። የእጅ ስልክን በገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝቶ በስልኩ ኢንተርኔት ማውረድ እንደሚቻል የነገረኝ አንድ የሠፈራችን የፎቶ ኮፒ ሠራተኛ ነው፤ ገንዘብም አልተቀበለኝም። (ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት የሚያዘጋጁት ሰዎች እንዲህ ያለው ችግር እንዲቀር፥ ምሥጢራቸው ያልተገለጠውን የዕቃ ፕሮግራሞች ከመጫኛው ጋር እንስጥ ወይስ አንስጥ ብለው ከተከራከሩ በኋላ፥ በ2022 ድምፅ ሰጥተውበት በ2023 በወጣው በ12ኛው እትም ውስጥ አግብተውታል። ነጻነትን ከሚወድ ሰው ዘንድ ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።)

በአገራችን ወንፈል አለ። ዛሬ ያንተን እርሻ ያረስሁልህ እንደ ሆነ ነገ የእኔን ታርስልኛለህ፤ ሒሳቡ በሁለታችን መካከል ነው፥ ባትመጣም ወቀሳው ይታወቃል። ይህኛው ርዳታ ግን ሒሳብ የለውም። የሚረዳህ ሰው ከአንተ አንዳች እንደማይመለስለት ያውቃል። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ኡቡንቱ ይባላል፤ በ2004 ማርክ ሻትልወርዝ የሚባለው የደቡብ አፍሪቃ ሰው አስጀምሮት ስሙን ከዙሉና ከኮሳ ቋንቋ ወስዶለታል፥ ትርጓሜውም ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው እንደ ማለት ነው። እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን በፖስታ በነጻ ይልኩ ነበር። እንግዲህ ገንዘብ የማይከፈልበት፥ ወንፈልም ያልሆነ ርዳታ የተቀበለ ሰው ዕዳ የለበትም ማለት ነውን? እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ። በመኝታ ቤቴ ከጠረጴዛው ሥር አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለ ስክሪን ሌት ተቀን ይሠራል። የቤት ሰርቨር ይሉታል፤ የቤተ ሰቡን ፎቶግራፍና ጽሑፍ አከማችቶ፥ ከቤቱ ማንም ሰው በስልኩ እንዲያየው የሚያደርግ ነው። ከእርሱ ጋር በተገናኘው ዲስክ ላይ ከሁሉ የሚበልጥብኝ የእናቴ ድምፅ ነበረ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ለዕረፍት ወደ አገር ቤት በሄድሁ ቍጥር እናቴን በቴፕ እቀዳት ነበር፤ የዘር ሐረግ ስትቈጥር፥ የሰርግ ዘፈን ስትዘፍን፥ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትጨዋወት። ካሴቶቹ 43 ነበሩ። ከሁለት ዓመት ድካም በኋላ የሁሉንም ግራና ቀኝ፥ 86 ፋይል አድርጌ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጥኋቸው፤ ካሴቶቹን ግን ሻጋታ ስለ በላቸው ጣልኋቸው። ከዚያ በኋላ ድምፁ የቀረው በዚያ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ይህ ነገር አስፈርቶኝ፥ ግልባጭ ላስቀምጥበት ብዬ ሁለተኛ ዲስክ ገዛሁ። አዲስ ዲስክ ከመሥራቱ በፊት ይዘጋጃል፤ ይህም ማለት ማንኛውንም ነገር ባዶ አድርጎ አዲስ መዝገብ የሚከፍትለት ትእዛዝ ይሰጠዋል። ሊኑክስ ዲስኮችን በፊደል ቅደም ተከተል ይጠራቸዋል፤ አንዱ ኤስዲቢ ቢሆን ሁለተኛው ኤስዲሲ ነው። ማታ የአዲሱን ስም ኤስዲሲ ብዬ በወረቀት ላይ ጻፍሁ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ንጋት ላይ ተመለሰ። እኔ ያላወቅሁት ነገር፥ ኮምፒዩተሩ እንደ ገና በተነሣ ጊዜ ስሞቹ ሊለዋወጡ የሚችሉ መሆናቸውን ነው። ጧት ረቡዕ ቀን፥ ቡናዬን ይዤ ተቀምጬ፥ በወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ጻፍሁና አዘዝሁ። ኮምፒዩተሩም በዚህ ላይ ከቀድሞ የተዘጋጀ መዝገብ አለ፥ ልቀጥልን? ሲል ጠየቀኝ። ሳላነብ አዎን አልሁት።

ከዚያም የእናቴን ዲስክ ብከፍተው በውስጡ አንድ ባዶ ክፍል ብቻ አገኘሁ። ሊኑክስ አዲስ ዲስክ ሲያዘጋጅ ብዙ ጊዜ ራሱ የሚሠራው ክፍል ነው፤ ስሙም በእንግሊዝኛ የጠፋና የተገኘ ማለት ነው። በዚያ ስም ላይ ዓይኔን ተክዬ ምን ያህል ጊዜ እንደ ተቀመጥሁ አላውቅም።

የእህቴ ልጅ በጀርመን አገር ከሚኖር ኢትዮጵያዊ ጋር በስልክ ጽሑፍ አገናኘኝ። ይህ ሰው በመጋዘን የሌሊት ተረኛ ሆኖ ይሠራል፤ ከሥራው ተመልሶ ሳይተኛ የማያውቃቸውን ሰዎች ይረዳል። ፊቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም። «ጋሼ፥ አይጨነቁ። ፋይሎቹ ከመጥፋታቸው በፊት ምን አድርገው ነበር?» ብሎ ጻፈልኝ። እኔም «ምንም አላደረግሁም፤ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር» ብዬ መለስሁለት።

መብራት ጠፍቶ ነበርን? አዎን፥ ጠፍቶ ነበር። ይህን ቃል በቃል ብትመረምሩት ሐሰት አታገኙበትም። እኔም ለራሴ የነገርሁት ይህንኑ ነው።

ከዚያም የጻፍኋቸውን ትእዛዞች ዝርዝር እንድልክለት ለመነኝ፤ ሊኑክስ ሰው የጻፈውን ትእዛዝ በተራ ቍጥር መዝግቦ ያስቀምጣልና። ዝርዝሩን አወጣሁ። ያች ትእዛዝ በ413ኛው ተራ ተቀምጣለች። ጽሑፉን ከመላኬ በፊት ያን አንድ ተራ አጠፋሁት። ጥቁር ሰሌዳውም፥ መምህሬም፥ 36 ዓመት የተናገርሁት ቃልም በዚያች ቅጽበት ትዝ አላሉኝም። ትዝ ያለኝ፥ ይህ ወጣት ሽማግሌው ሳያነብ አዎን ብሎ የእናቱን ድምፅ አጠፋ ይለኛል የሚለው ብቻ ነው።

ሰውየውም የነገርሁትን አምኖ ሠራ። መብራት በድንገት ሲጠፋ ዲስክ ይጐዳልና መጀመሪያ የሚመረምር ትእዛዝ ሰጠኝ፤ ዲስኩ ጤነኛ ነው የሚል መልስ መጣ። «እንግዲያስ ዲስኩ አልተጎዳም፥ ሥራውን ይቀጥል፤ ፋይሎቹ ምናልባት በሌላ ክፍል ተጽፈው ይሆናል» ብሎ በማግሥቱ ሌሊት ሰርቨሩን ሁሉ ከእኔ ጋር ሲፈልግ አደረ። በዚያ ሁለት ሌሊት ግን ሰርቨሩ እንደ ልማዱ የቤተ ሰቡን ስልክ ፎቶግራፎች እየተቀበለ በዚያው ዲስክ ላይ ይጽፍ ነበር። በስሕተት የተዘጋጀ ዲስክ ብዙ ጊዜ መዝገቡ እንጂ ውስጡ ያለው ነገር ወዲያው አይጠፋም፤ የሚጠፋው አዲስ ነገር ሲጻፍበት ነው። እውነቱን ነግሬው ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ቃሉ «ያጥፉት፥ አንዲት ነገር እንዳይጻፍበት» የሚል በሆነ ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት ዲስኩ የተዘጋጀበትን ቀን የሚያሳይ ትእዛዝ ላከልኝ። ዲስክ የልደት ቀኑን እንደሚመዘግብ አላውቅም ነበር። መልሱ ወጣ፤ ያለፈው ረቡዕ፥ ከጧቱ ሰዓት ጋር። ይህንንም ለማጥፋት አስቤ ነበር ብላችሁ አትፍረዱብኝ፥ አስቤ ነበርና። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ሰውየው ከሥራ መልስ እራቱን ሳይበላ እንደሚጠብቀኝ ከጻፈልኝ ደቂቃ አልሞላም። ሁሉንም ነገርሁት። እርሱም አልተቈጣም፤ «እሺ ጋሼ። አሁኑኑ ገመዱን ይንቀሉት። ገና አሁን ጀመርን» ብሎ መለሰልኝ።

ፎቶሬክ በሚባል ክሪስቶፍ ግርኒዬ የተባለ ሰው በሠራው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር አስነበበኝ፤ የሚገኘውንም በዚያው ላይ ሳይሆን በሌላ ዲስክ ላይ አስጻፈኝ። ይህ ፕሮግራም ፋይሉን ያመጣል እንጂ ስሙን አያመጣም። 61 ፋይል በሙሉ ተገኘ፥ 6ቱ ተቈርጠው ተገኙ፥ 19ኙ አልተገኙም። ከጥር እስከ መጋቢት ስም የሌላቸውን ድምፆች አንድ በአንድ እያዳመጥሁ ስም ስሰጣቸው ከረምሁ።

ከጠፉት 19 ውስጥ የትኛው በስሕተቴ፥ የትኛው በሐሰቴ እንደ ጠፋ መለየት አይቻልም፤ ሰውየውን ጠይቄው እርሱም አይቻልም ብሎኛል። ስለ ስሕተቱ ብዙ አላዝንም፤ ስሞች ሊለዋወጡ እንደሚችሉ የማያውቅ ሰው ይሳሳታል፥ ቡና የያዘ ሰውም ሳያነብ አዎን ይላል። ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን፤ ሐኪም እንኳ በሽተኛውን ዳስሶ አንዳች ነገር ሊያገኝ ይችላል። በሩቅ ሆኖ የሚረዳ ሰው ግን ከእኛ ቃል በቀር ዓይን የለውም። ሐሰት የነገርነው እንደ ሆነ ዓይኑን አውጥተን በእጃችን እየመራነው ነው። ገንዘብ ያልተቀበለውን ሰው እንቅልፉን ወስጄ በሌለ መንገድ ላይ አባከንሁት። ዕዳ የለብኝም ያልሁት ስለ ገንዘብ ባሰብሁ ጊዜ ነው።

አንዳንዶች ተጠያቂው ሰው ክፉ ስለሚሆን እንፈራለን፥ ስለዚህም እንደብቃለን ይላሉ። እውነት ነው፥ በዚህ ዓለም «መመሪያውን አንብብ» ብሎ የሚሰድብ አዋቂ አይጠፋም፤ እንዲህ ያለው ሰው ጠያቂዎችን ሐሰት ያስተምራል። ከእኔ ጋር የነበረው ሰው ግን ክፉ አልነበረም። ይልቁንም አክባሪ ነበር፥ ነገሩም እዚህ ላይ ይከብዳል።

ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ጠየቅሁት፤ «ገና ከመጀመሪያው አልጠረጠርኸኝምን?» አልሁት። ጥቂት ቈይቶ መለሰልኝ። የላክሁለት ዝርዝር ከ412 ወደ 414 ይዘል ነበር። ተራውን አጥፍቼ ቍጥሩን ማስተካከል ረስቼ ኖሯል። ሰውየው በመጀመሪያው ሌሊት አይቶታል። «ሰዎች አንዳንድ ጊዜ የምሥጢር ቃላቸውን በስሕተት በትእዛዝ ቦታ ይጽፋሉ፤ እንዲያ ያለ ነገር ይሆናል ብዬ አለፍሁት። ደግሞም ጋሼን 413 የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ከበደኝ» አለኝ። ቀጥሎም «መጠየቅ ነበረብኝ፥ ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ጻፈ።

ይቅርታ የጠየቀው እርሱ ነው። ሽበቴ ለሐሰቴ ዋስ ሆነለት ማለት ነው። በጎረምሳ እጅ የተላከ ዝርዝር ቢሆን ኖሮ፥ ቍጥሩ ወዴት ዘለለ ተብሎ በተጠየቀ ነበር። ታላቅን ማክበር መልካም ነው ብዬ ሳስተምር ኖሬያለሁ፥ ዛሬም መልካም ነው እላለሁ፤ ነገር ግን የዚያ ሰው ዝምታ አክብሮት ነበረ ወይስ ጥፋት፥ እስከ አሁን ቈርጬ መናገር አልቻልሁም። ለእርሱ ጥፋት አይደለም ብዬ ጻፍሁለት። እርሱ ግን ከዚያ ወዲህ የሽማግሌም ቢሆን ዝርዝሩ የዘለለ እንደ ሆነ እንደሚጠይቅ ነገረኝ።

ባለፈው ሳምንት ተቈርጠው ከተገኙት ፋይሎች አንዱን እንደ ገና ከፈትሁት። እናቴ የአያቷን አባት ስም ልትናገር «የእርሱ አባት ደግሞ» ብላ ጀምራ ድምፁ እዚያ ላይ ይቈረጣል። ስሙን የሚያውቅ ዘመድ እንዳለ ብዬ ወደ አገር ቤት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። በደብዳቤውም ካሴቱን ሻጋታ በላው አላልሁም።